ጅረት ውስጥ የተቀበረው የተኩላ ወጥመድ

ኦሪን ትቬተን ሌባው ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አልፈጀበትም። ካወቀ በኋላ ግን አንጀቱ ሲያርር ከረመ።

ነገሩ የተጀመረው የሚንክ ወቅት በተከፈተ ሰሞን ነው፣ የጅረቱ ጠርዝ ጠዋት ጠዋት ስስ በረዶ መያዝ ሲጀምር። ሚንክ ሙጭልጭላ የመሰለች፣ ውሃ የማያስገባ ጥቁር ቡናማ ጸጉር ያላት፣ ከጅረት ዳር የማትጠፋ አውሬ ናት። ያኔ ቆዳዋ ጥሩ ዋጋ ያወጣ ነበር። ኦሪን ከልጅነቱ ጀምሮ ሾርት ክሪክ ላይ ሲያጠምዳት ኖሯል። ከሱ በፊት አባቱ ሃልቮር፣ ከሃልቮር በፊት ደግሞ ከኖርዌይ የመጡት አያቱ አጥምደዋል። በዚያ የዊስኮንሲን ሸለቆ ውስጥ የመሬቱ ባለቤት ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ከጅረቱ የሚጠጣውም ከብት የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። የሚንኩ መስመር ግን የትቬተኖች ነው። ይህን የሚጠራጠር ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም ዝም ይል ነበር።

አጠማመዱ ቀላል ይመስላል። ከዳርቻው ግርጌ፣ ውሃው አፍ ላይ፣ ክንድ የሚያስገባ ጉድጓድ ወደ ጎን ይቆፈራል። ጉድጓዱ ውስጥ ቁራጭ ሥጋ ይገባል፤ ደጃፉ ላይ፣ ከውሃው ሥር፣ ወጥመዱ ይቀመጣል። ሚንክ ጉድጓድ አይታ አንገቷን ሳታስገባ ማለፍ አይሆንላትም፤ እንዲህ ዓይነት ጎረቤት ሁላችንም አለን። ከባዱ ነገር የአጥማጁ ጠባይ ነው። ዳርቻውን በእግሩ አይረግጥም። ድልድዩ ሥር ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ በውሃ ሄዶ፣ በውሃ ይመለሳል፤ ኮቴም ሽታም አይተውም። ሽማግሌው ሃልቮር ልጃቸውን ሲያስተምሩ "እንኳን ሚንኳ፣ እናትህም የት እንደገባህ ማወቅ የለባትም" ይሉት ነበር።

ኦሪን ማለዳ የወተት መኪናውን አስነስቶ ከእርሻ እርሻ እየዞረ ወተት ይሰበስባል፤ መስመሩን የሚያየው ከሰዓት በኋላ ነው። አንድ ቀን ወጥመዱ እንደተጠመደ አገኘው፤ መንጋጋው መሃል ግን ቁንጥር የሚንክ ጸጉር ነበር፤ ተይዛ የነበረችው ተወስዳለች። ጎንበስ ብሎ ጉድጓዱን ዳበሰ። እሱ ያስገባው የውሃ አይጥ ሥጋ የለም። በቦታው ትኩስ ዓሣ ተከትፎ ገብቷል። ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ፣ ከዚያ የሚቀጥለውም እንዲሁ።

"ምን ዓይነት ሌባ ነው ሰርቆ ሲያበቃ ምግብ የሚጨምርልህ?" አለች ሚስቱ ማርሊስ፣ ማታ ሲነግራት።

"ነገም ሊሰርቅ ያሰበ ነዋ! ላሜን አልቦ ሳር ያስቀምጥላታል።"

"እንግዲያው ቅጥረኛ አግኝተሃል። ደሞዝ ጀምርለት።"

"ሳቂ አንቺ። ሳቂ።"

ኦሪን ግን ዓሣውን አልረሳውም። በሸለቆው ውስጥ ለሚንክ ዓሣ የሚያስገቡ የድሮ ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አባቱና የአባቱ የሥራ ባልንጀራ ኢንግቫልድ። ሁለቱ ዕድሜ ልካቸውን አብረው አጥምደው ያገኙትን እኩል ሲካፈሉ የኖሩ ናቸው። ኢንግቫልድ ሞቷል። ልጁ ዴልበርት ግን ከድልድዩ ማዶ ይኖራል። ዴልበርት በዚያ ዓመት ከጎተራ ወድቆ ወገቡ ስለተጎዳ አንድም ወጥመድ አላኖረም፤ ይህን አገሩ ሁሉ ያውቃል። ታዲያ ኦሪን ወተት ሊወስድ ደጁ በሄደ ቀን፣ በተከፈተው ጎጆ በር ሲያይ፣ መወጠሪያ ሳንቃ ላይ የተዘረጉ እርጥብ የሚንክ ቆዳዎች ተደርድረዋል።

ዴልበርት መታየቱን አየ። አልደነገጠም። እንዲያውም ፈገግ ብሎ "ኦሪን፣ ውለታችሁን መቼም አልረሳውም" አለው።

የኦሪን ደም ፈላ። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ይባላል፤ ይሄኛው ደግሞ ልሶ ሲያበቃ ያመሰግናል! ጣሳውን ጭኖ፣ የመኪናውን በር ደርግሞ ሄደ። ያኔ "ከየት አመጣኸው?" ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ነገሩ ሁሉ እዚያው ደጅ ላይ ያልቅ ነበር። የትቬተን ዘር ግን አይጠይቅም። ጠይቆ ከሚገላገል ዝም ብሎ መቃጠል ይመርጣል፤ መቃጠሉንም ጨዋነት ይለዋል።

እራት ላይ ነገሩ ተነሳ። ሃልቮር ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ልጃቸው ቤት ነበር የሚኖሩት። አንድ ጥያቄ ሦስቴ ይጠይቃሉ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው ቤት ያገለብጣሉ። አንዳንዴም "እናትህ ከገበያ አልተመለሰችም?" ይላሉ። ሐኪሙ ወንዝ እንዳይደርሱ ከልክሏቸው፣ እስከ ጭን የሚደርሰው የጎማ ቦቲያቸው በረት ውስጥ ከተሰቀለ ከረመ። ኦሪን እርጅና ነው ብሎ ትቶታል። የጅረት ወሬ ሲነሳ ደግሞ የሽማግሌው አእምሮ እንደ ምላጭ ስለሚሆን፣ እንዲህ ብሎ ማሰብ ቀላል ነበር።

"ሌባ?" አሉ ሹካቸውን አስቀምጠው። "የእኔ ጅረት ላይ?"

"አዎ፣ አባባ።"

"ምንድን ነው የሚያስገባው?"

"ዓሣ።"

"ዓሣ!" ፊታቸው በራ። "ሥራ ያውቃላ! የውሃ አይጥ የሰነፍ ነው፤ ስንቴ ልንገርህ?"

"አባባ፣ ሌባውን እኮ ነው የሚያመሰግኑት!"

ማርሊስ ሳቋ አመለጣት።

"ማን አመሰገነ? ይያዝ ነው ያልኩት። እኔና ኢንግቫልድ አንዱን ይዘነዋል።" ሽማግሌው ወንበራቸውን ወደ ፊት ሳቡ። "ስማኝ። ሰው ጉድጓዱ ውስጥ እጁን ሊከት ሲጎነበስ ግራ እግሩን የሆነ ቦታ ማሳረፍ አለበት። የት ነው የሚያሳርፈው?"

"ደህና ድንጋይ ካለ ድንጋዩ ላይ።"

"ድንጋዩን ታነሳለህ። ያንን በረት ውስጥ የተሰቀለውን የተኩላ ወጥመድ በቦታው ታስቀምጣለህ። ቅጠል ታለብሰዋለህ፣ ሰንሰለቱን ከዛፍ ሥር ጋር ታስራለህ። አለቀ። ቆሞ ይጠብቅሃል፤ የት ይሄዳል?"

"የሰው እግር ይሰብራል እኮ!" አለች ማርሊስ፣ ሳቋ ደርቆ። "ያሳስራል ደግሞ። ኦሪን፣ እንዳታስበው!"

"ማን አሰበ?" አለ ኦሪን። አስቦ ጨርሶ ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የተኩላውን ወጥመድ ከበረቱ ግድግዳ አወረደ። ከባድ ነው፤ በግራና በቀኝ እንደ ክንድ የረዘመ ሞላ አለው፤ ሁለቱም ሞላዎች ካልተረገጡ መንጋጋው አይከፈትም። ትልቁ የዛፍ ሥር ወደ ውሃው የወረደበት ቦታ ወሰደው፣ ሚንክ ከሁሉም ቦታ አብልጣ የምትመላለስበት። ድንጋዩን አነሳ። ወጥመዱን ዳርቻው ላይ በሁለት እግሩ ሞላዎቹን ረግጦ ከፈተው፣ አባቱ እንዳሉት አስቀመጠው፣ የበሰበሰ ቅጠል አለበሰው። ውሃው ሲጠራ እሱ ራሱ እንኳ የት እንዳኖረው ለማየት ተቸገረ። ደስ አለው። ይህን መደበቅ አይገባም፤ በእውነት ደስ አለው።

ማለዳ ሊወጣ ሲል ሃልቮርን በሌሊት ልብሳቸው ወጥ ቤት ቆመው አገኛቸው።

"ወዴት ነህ?" አሉት።

"ወደ ሥራ፣ አባባ።"

"ጊዜው የምን ጊዜ ነው?"

"የሚንክ።"

"የሚንክ!" አሉ፣ ደንገጥ ብለው። "ታዲያ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ? ቆይ ልልበስና አብረን እንውጣ።"

"እርስዎ ይረፉ። ውጭው በጣም ይበርዳል።" ትከሻቸውን ይዞ ወደ መኝታቸው መለሳቸው፣ ብርድ ልብሱንም ደረበላቸው። ማርሊስ አስቀድማ ወደምትሠራበት አይብ ፋብሪካ ሄዳለች። እሱም ሞተሩን አስነስቶ ወጣ።

ያን ቀን የዴልበርትን ደጅ ሳይነካ አለፈ። የሰውየውን ፊት ማየት አልፈለገም፤ ወጥመዱ ውስጥ ካልሆነ በቀር። እኩለ ቀን ላይ ቤቱ ተመለሰ። የአባቱ ክፍል በር ገጠም ብሏል። ተኝተዋል ብሎ ቀስ ብሎ ተራመደ። የአጋዘን ቋሊማ ቆርጦ በድንች ቂጣ ጠቀለለና መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ይበላ ጀመር። ወደ ጅረቱ ጆሮውን ጣለ። ከዚህ ጩኸት እንደማይሰማ ያውቃል፤ ቢሆንም ያዳምጣል። ዴልበርትን ምን እንደሚለውም አዘጋጅቷል። "ውለታህን መቼም አልረሳውም" ሊለው ነው፣ ቀስ ብሎ፣ ከዳርቻው ላይ ቁልቁል እያየው።

ያኔ አንድ መኪና ፍጥነቱን ሳይቀንስ በግቢው በር ገባ። በሩ ተከፈተ። ዴልበርት ወረደ።

ኦሪን ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ዴልበርት በሁለት እግሩ ቆሟል። ሁለቱም እግሮቹ ደህና ናቸው። እስከ ወገቡ ረጥቧል፣ ኮት የለውም፣ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል።

"ኦሪን! ና ውጣ! ቶሎ! ጋሽ ሃልቮር ወንዝ ውስጥ ናቸው!"

"ምን?"

"እግራቸው ተይዟል! በዚህ ወገቤ ብቻዬን ልከፍተው አልቻልኩም፣ ሁለት ሰው ይፈልጋል! ምን ያፈዝሃል?"

"አባባ ተኝተዋል" አለ ኦሪን።

ይህን ያለው እያመነው ነው። ሄዶ በሩን ከፈተ። አልጋው ተነጥፏል፣ ሥራ የሚሄድ ሰው እንደሚያነጥፈው ጥርት ተደርጎ። በኋላ በር ሮጦ በረቱ ውስጥ ገባ። ቦቲው የሚሰቀልበት ምስማር ባዶ ነው። ኦሪን ምስማሩን በእጁ ነካው፤ ለምን እንደነካው እሱም አያውቅም። ዴልበርት ክንዱን ይዞ ጎትቶ መኪናው ውስጥ ከተተው።

"ለምንድን ነው ብቻቸውን የምትለቃቸው?" አለ ዴልበርት እየነዳ። "እኔ እኮ ድልድዩ ድረስ የምታደርሳቸው አንተ መስለኸኝ ነው! ይኸው ስንት ቀን፣ ጠዋት ጠዋት ሚንክ ተሸክመው ደጄ ይመጣሉ። 'ያንተ ድርሻ ነው ኢንግቫልድ፣ እኩል ነው የተካፈልነው' ይሉኛል።"

"አንተስ?" አለ ኦሪን። ድምፁ የሱ አይመስልም።

"እኔ ምን ልበል? መጀመሪያ ቀን 'ጋሼ፣ ኢንግቫልድ ሞቷል፣ እኔ ልጁ ነኝ' አልኳቸው። ደጄ ላይ ተቀምጠው እንደ ሕፃን አለቀሱ። በማግስቱ ደግሞ ረስተውት መጡ። ሁለተኛ ላስለቅሳቸው? ኢንግቫልድ ነኝ ብዬ ተቀበልኩ።" መሪውን ጠመዘዘ። "አንተ የላክሃቸው ነው የመሰለኝ። ወገቤ ተጎድቶ ስላላጠመድኩ አዝናችሁልኝ። አመሰገንኩህም እኮ! ዛሬ ሲቀሩብኝ ነው ልፈልጋቸው የወጣሁት።"

አሁን ነገሩ ለኦሪን ተገጣጠመ። ዓሣው። ኮቴ ያልነበረው ዳርቻ። በዚያ ሸለቆ ውስጥ ምንም ምልክት ሳይተው ሾርት ክሪክን መውጣትና መውረድ የሚችል ሰው ስንት ነበርና!

ሃልቮር ትልቁ ሥር ዘንድ ነበሩ፣ ጭናቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመው። ሥሩን በሁለት እጃቸው አቅፈዋል። ባርኔጣቸው ከራሳቸው አልወደቀም፤ ትከሻቸው ላይ የዴልበርት ኮት ተጥሏል። ፊታቸው አመድ መስሏል። እንዲያ ከቆሙ ምን ያህል እንደቆዩ እግዜር ይወቀው። አልጮሁም፤ አጥማጅ ወንዝ ውስጥ አይጮህም፣ አውሬ ይሸሻል።

"መጣህ ኢንግቫልድ?" አሉ።

"መጣሁ፣ ጋሼ። ሰው ይዤ መጣሁ።"

ኦሪን ልብሱን ሳያወልቅ ውሃው ውስጥ ዘለለ። ቅዝቃዜው ትንፋሹን ቀማው። እጁን ሰድዶ ወጥመዱን ዳሰሰ፤ ጥርሶቹ ቦቲውን በስተው ገብተዋል፤ ከጉልበት በታች፣ አጥንት መታጠፍ በማይገባው ቦታ፣ እግሩ ታጥፏል። እንደ ጅል ወደ ላይ አየ። ዴልበርት ከጎኑ ቆሞ ነበር፤ የሚያየው ግን ወጥመዱን ሳይሆን እሱን ነው። ከዚያ ከቦታው ተነስቶ ዳርቻው ላይ የተቀመጠውን ጠፍጣፋ ድንጋይ አየ፤ ትናንት ከውሃው ሲነሳ የያዘው ጭቃ ገና አልደረቀም። ተመልሶ ኦሪንን አየ።

"ለእኔ ነበር?" አለ ቀስ ብሎ።

"አዎ" አለ ኦሪን።

ሌላ ሰው ቢሆን ይመታው ነበር፤ መትቶም ቢሆን ባልተፈረደበት። ዴልበርት ግን በእግሩ ወጥመዱን ፈለገና "በዚያኛው ሞላ ላይ ቁም" አለ። "እኔ በዚህኛው እቆማለሁ። ወገቤ ከቻለ። አንድ ላይ።"

ተደጋግፈው ቆሙ፣ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው፣ ክብደታቸውን ጣሉበት። ዴልበርት ከወገቡ ሕመም የተነሳ አቃሰተ። መንጋጋው ቀስ እያለ ተከፈተ። ሃልቮር ራሳቸው ጎንበስ ብለው እግራቸውን በእጃቸው ጎትተው አወጡት፣ ሚንክ እንደሚያወጡ ሁሉ፣ ቆዳዋ እንዳይቀደድ በጥንቃቄ። ውሃው ቀላ። ሽማግሌው እጃቸውን አልመለሱም፤ ወጥመዱን፣ ሰንሰለቱን፣ ቅጠሉን ዳበሱ።

"ማን ነው ያጠመደው?" አሉ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ። "ኢንግቫልድ፣ አንተ ነህ?"

"እኔ አይደለሁም፣ ጋሼ" አለ ዴልበርት። "ኦሪን ነው።"

"የቱ ኦሪን?"

"ልጅዎ።"

ሃልቮር ሳቁ። በዚያ ብርድ፣ በዚያ በተሰበረ እግር፣ ሳቁ።

"ሂድ ወዲያ! ኦሪን ገና ትንሽ ልጅ ነው። ሚንክ እንኳ በሕይወት ካገኛት ያለቅሳል፤ እኔ ነኝ ተደብቄ የምገድልለት። ኦሪን ሰው ላይ ወጥመድ አያኖርም። እንዲህ ያለውን ነገር ልጄ ላይ አትናገር፣ እንጣላለን።"

ዳርቻው ገደላማ ስለነበረ መውጫው በድልድዩ በኩል ብቻ ነው። ዴልበርት መኪናውን ሊያሞቅ ወገቡን ይዞ ቀደመ። ኦሪን አባቱን በጀርባው አዝሎ በውሃው ውስጥ መሄድ ጀመረ። ይህን ያህል እንደቀለሉ አያውቅም ነበር። የተሰበረው እግር በየእርምጃው ጎኑን ሲነካው፣ ሽማግሌው ትንፋሻቸውን ይውጣሉ እንጂ አይጮሁም። ኦሪን እያለቀሰ ነው። ድምፅ አላሰማም፤ ትከሻው ግን ይርገበገባል፣ ያዘለውም ሰው ያውቃል።

"አይዞህ" አሉት ጆሮው ሥር። "አይዞህ፣ እኔ ደህና ነኝ። የማን ልጅ ነህ አንተ?"

ኦሪን አፉን ከፈተ። ስሙን ሊናገር ነበር።

"የጎረቤት ነኝ" አለ።

"እግዜር ይስጥህ። ቤት ስንደርስ ልጄ አለ። ኦሪን ውለታህን ይከፍልሃል" አሉና ጉንጫቸውን አንገቱ ላይ አሳረፉ።